ዳልቦና የ1887ቱ ዘመቻ፦ ዓይን ምስክሮቹ ከየት ቆመው አዩ?

በታሪክ ትምህርት ክፍላችን ስለ ጥንታዊ ከተሞች ሲነሳ የሚጠቀሱት ምስክሮች የታወቁ ናቸው። ጎንደርን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1691 ዓ.ም. ገብቶ አይቷታል፤ ከሰባ ዓመት በኋላ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ብዙ ወራት ተቀምጦባታል። ሐረርን ሪቻርድ በርተን በጥር 1847 ዓ.ም. ለአሥር ቀን ያህል አይቶ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ከተሞቹን ያዩት ንጉሡም፣ ገበያውም፣ አጥሩም በቦታው እያለ ነው። ታዲያ የወላይታ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ዳልቦስ? እኔ የጉኑኖ ልጅ ነኝና ይህ ጥያቄ ከክፍል ሥራነት ያለፈ ነገር አለው። የዳልቦ ችግር በአጭሩ ይህ ነው፦ ስለ ጦና አገር በዓይኑ አይቶ በሰፊው የጻፈ የውጭ ሰው የምናገኘው መንግሥቱን ሊጥል ከመጣው ሠራዊት ጋር ነው።

ሰውየው ጋስቶን ቫንደርሃይም ይባላል። የፈረንሳይ የንግድ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ወጣት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት (እ.ኤ.አ. በ1894 ማለቂያ ላይ) ወደ ወላይታ ሲዘምቱ አብሯቸው ሄደ። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ አሳተመ፤ ርዕሱ በአማርኛ «ከንጉሥ ምኒልክ ጋር አንድ ዘመቻ» እንደማለት ነው። ያ ዓመት የአድዋ ዓመት ነው፤ አውሮፓ ስለ ምኒልክ ማንኛውንም ነገር ለማንበብ በጓጓበት ወቅት ወጣ ማለት ነው።

ዘመቻው ለምን እንደተደረገ ሳያውቁ ምስክሩን ማንበብ ያስቸግራል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በከብት በሽታ የተነሳ የሰሜኑና የመሀሉ አገር በሬ አልቆ ነበር፤ ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ነው። ወላይታ ግን ከብትና እርሻ ያለው አገር ነበር። ካዎ ጦና ደግሞ ገብር ቢባል አሻፈረኝ አለ፤ ቀደም ሲል የተላኩ ጦሮችም አገሩን ሳያስገብሩ ተመልሰዋል። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦራቸውን ይዘው ተሰለፉ። በአንድ ወገን ጠመንጃ፣ በሌላው ወገን በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ሆነና ውጤቱ ብዙም አያጠያይቅም።

ቫንደርሃይም ያየውን አይሸፋፍንም። አገሩ ለም፣ እርሻው የተያዘ፣ ቤቱ በደንብ የተሠራ መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎ ስለ እልቂቱ፣ ስለሚነዳው ከብትና በየወታደሩ እጅ ስለገቡት ሴቶችና ሕፃናት ይተርካል። ይህን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። የዚያን አገር ውበት የመሰከረልን ሰው ያየው ባለቤቶቹ ሲሸሹ ወይም ሲማረኩ ነው። ወላይትኛ አይችልም። የሚበላው ከንጉሡ ሰፈር፣ የሚያድረው ከንጉሡ ሰፈር ነው። አንድን የወላይታ ሰው «ስምህ ማነው? ቤትህ የቱ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ መንገድ አልነበረውም። በመጽሐፉ ውስጥ ከራሱ ፎቶግራፎች የተወሰዱ ሥዕሎች አሉ፤ ካሜራውም ቢሆን የቆመው እሱ የቆመበት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ነው። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ፓሪስ ታተመ፤ አማርኛው የወጣው በ1959 ዓ.ም. ነው። ዜና መዋዕል ለንጉሥ ክብር የሚጻፍ ነውና ነገሩ የሚጀምረው ከጦና እምቢተኝነት ነው፤ ጥፋቱ የእምቢታው ዋጋ ሆኖ ይቀርባል። ሆኖም ብዙ ሰው መሞቱን አይደብቅም። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። ባዕዱ ነጋዴና የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ በአንድ ነገር ከተስማሙ፣ ያ ነገር በአንዱ ወገን ጥላቻ ወይም ሙገሳ የተፈጠረ ነው ማለት ይከብዳል። ሁለቱም ጦና ቆስሎ መማረኩን ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስለ ሟቾቹ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ የተቆጠረ ቁጥር ሲጠቀስ እንሰማለን። ማን ቆጠረው? በየትኛው መዝገብ? በዚያ ትርምስ ውስጥ ሬሳ እየዞረ የሚቆጥር አልነበረም። እልቂቱ ከባድ መሆኑን ለማመን እንዲህ ያለ ቁጥር አያስፈልገንም፤ እንዲያውም ቁጥሩ ላይ ስንከራከር ዋናው ነገር ያመልጠናል።

የስምም ነገር አለ። ሁለቱም ጽሑፎች ሕዝቡን የሚጠሩት ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበት፣ የንቀት ትርጉም ባዘለው በቀድሞው ስም ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ያ ስም ከመንግሥት ጽሑፍ ወጥቶ «ወላይታ» ተተክቷል። ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ «ወላይታ» ብሎ ብቻ ከፈለገ የድሮውን ምንጭ አያገኝም፤ ይህን ማወቅ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ምስክር የቤተሰብ ትዝታ ነው። በእኛ በጉኑኖ በኩል ስለዚያ ጦርነት የሚነገረው በቀንና በዓመት አይደለም። የትኛው ቤት እንደጠፋ፣ ከየትኛው ጎሳ ማን ተወስዶ እንዳልተመለሰ፣ ማን እንሰት ውስጥ ተደብቆ እንደዳነ ነው የሚወራው። አንዳንዱ ሲወርድ ሲዋረድ እንደተጋነነ ግልጽ ነው፤ ከአንድ ሽማግሌ የሰማሁት ከሌላው ጋር አይገጥምም። ግን ፈረንሳዊው ያልጠየቀውን የያዘው ይህ ብቻ ነው፤ ስም አለው። ደግሞ የውሸት ቀን ፈጥሮ አይነግረንም።

ከዘመቻው በኋላ የወላይታ ማዕከል ከዳልቦ ወጥቶ በዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለችው ሶዶ ዞረ። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት፤ የጦና ሐውልትም እዚያው ቆሟል። ዳልቦ ግን ብዙ እንግዳ የማያቆምባት ሰፈር ናት። በጎንደር የፋሲል ግንብ ስላለ ብሩስ የጻፈውን ከድንጋዩ ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ በእንጨትና በሣር የተሠራ ቤተ መንግሥት ግን እንዲህ አይመሳከርም። ስለዚህ ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል ወደዚያ የሚወርድ ቢኖር፣ ሽማግሌዎቹን «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ባይጀምር ይሻላል። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ከትምህርት ቤትና ከሬዲዮ የሰማውን ይመልሳል። «የካዎው በር ወዴት ይመለከት ነበር? ገበያው የት ይቆም ነበር? ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም እዚያው መሬቱ ላይ እየሄደ ይመዝግብ።