ጭራቁ በሩን አልሰበረም፣ ሰው ነው የከፈተለት፦ «ዴድ ስፔስ፦ ዳውንፎል» ስለተባለው አኒሜሽን ፊልም

ዛሬ ቆየት ያለ ግን ብዙ ሰው ያላየው አንድ ሆረር ፊልም ይዘን መጥተናል። መጨረሻውን ከአሁኑ እንነግራችኋለን፦ ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ትሞታለች፣ መርከቧም ትጠፋለች። ስፖይለር ነው ብላችሁ እንዳትቆጡን። «ዴድ ስፔስ» የሚባለውን ጌም የተጫወተ ሰው ይሄንን ገና ፊልሙን ሳይከፍት ያውቀዋል። ምክንያቱም ጌሙ የሚጀምረው ፊልሙ ካለቀበት ቦታ ነው።

ታዲያ መጨረሻው የታወቀ ፊልም ምኑ ይታያል? እኛም መጀመሪያ ይሄንን ጠይቀን ነበር። ካየነው በኋላ ግን የገባን ነገር አለ። ፊልሙ «ማን ይተርፋል?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው «ይሄ ሁሉ ጉድ እንዴት ገባ? ማንስ አስገባው?» የሚል ነው። መልሱ ደግሞ ከጭራቆቹ በላይ ያስፈራል።

መጀመሪያ መሠረታዊ መረጃ

«ዴድ ስፔስ» የተባለው ጌም ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2008 ነው። የሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ሥር የነበረ፣ በኋላ ቪሰራል ጌምስ የተባለ ስቱዲዮ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጥቅምት 28 ላይ «ዳውንፎል» በዲቪዲና በብሉሬይ ወጣ። ሲኒማ ቤት አልገባም፣ በቀጥታ ለቤት ነው የተለቀቀው። ርዝመቱ 74 ደቂቃ ነው።

ዳይሬክተሩ ቸክ ፓተን ሲሆን ድርሰቱን የጻፉት ጂሚ ፓልሚዮቲ እና ጀስቲን ግሬይ ናቸው። ሦስቱም በኮሚክ መጽሐፍ ዓለም የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። አኒሜሽኑን የሠራው ፊልም ሮማን የተባለው ስቱዲዮ ነው። አዎ፣ ለብዙ ዓመታት «ዘ ሲምፕሰንስ»ን የሠራው ራሱ ነው! ከዚያ ቤት ይሄን የሚያህል ደም ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል?

ታሪኩ የት ነው?

ዘመኑ 2508 ነው። የሰው ልጅ ምድር ላይ ያለውን ማዕድን ጨርሶ ወደ ጠፈር ወጥቷል። «ኢሺሙራ» የምትባል ግዙፍ መርከብ አለች። ሥራዋ ከፕላኔት ላይ ትልቅ ቁራጭ ገንጥሎ ወደ ላይ መጎተትና ማዕድኑን ማውጣት ነው። አሁን የደረሰችው ኤጂስ ሰባት የተባለች ፕላኔት ላይ ነው። እዚያ ቀድመው የሰፈሩ ማዕድን ቆፋሪዎች «ማርከር» የሚባል፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት እንግዳ ሐውልት መሰል ነገር አግኝተዋል።

ማርከሩ ከተገኘ ወዲህ ሰፋሪዎቹ እንቅልፍ አጡ፣ የሌለ ነገር ማየት ጀመሩ፣ እርስ በርስ መገዳደልና ራስን ማጥፋት ተከተለ። ከዚያ ሬሳዎቹ ተነሱ።

ጭራቆቹ «ኔክሮሞርፍ» ይባላሉ። ከሌላ ፕላኔት የመጡ እንስሳት አይደሉም፣ ቅርጻቸው የተለወጠ የሰው አስከሬኖች ናቸው። ጭንቅላታቸውን ብትመቱ አይቆሙም፣ የሚቆሙት እጅና እግራቸው ሲቆረጥ ነው። ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በሞተ ቁጥር የእናንተ ወገን በአንድ ይቀንሳል፣ የእነሱ በአንድ ይጨምራል። በዚህ ሒሳብ መርከቧ ለመውደቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም።

አሁን ወደ በሮቹ እንምጣ።

አንደኛው በር፦ እምነት

የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ማቲየስ «ዩኒቶሎጂ» የተባለ (በዚህ ልብ ወለድ ዓለም ብቻ ያለ) ሃይማኖት ተከታይ ነው። ተከታዮቹ ማርከርን እንደ ቅዱስ ነገር ያዩታል። ስለዚህ ማርከሩ ሲገኝ ካፒቴኑ አደጋ ነው ብሎ አልጠረጠረም፣ በረከት ነው ብሎ ወደ መርከቧ አስጫነው። ጌሙን ስትጨርሱት ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ታገኛላችሁ። ያ ማርከር የሰው እጅ የሠራው ኮፒ ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ሕዝብ አደጋ ላይ የጣለው ለኮፒ ነበር።

ፊልሙ ግን «አማኝ ሁሉ ክፉ ነው» አይልም። ሳሙኤል አይረንስ የሚባል የዚሁ እምነት ተከታይ አለ። ሌሎች እንዲያመልጡ ብሎ ራሱን ለጭራቆቹ አሳልፎ የሚሰጠው እሱ ነው። ያው አንድ እምነት አንዱን አሳውሮ ሌላውን ጀግና አደረገው።

ሁለተኛው በር፦ ዝምታ

ፕላኔቷ ላይ ሰው እያለቀ ነው። መርከቧ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ምን እየሆነ እንደሆነ በቅጡ የነገረው የለም። ሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ሰሚ አላገኘም። የጥበቃ ኃላፊዋ አሊሳ ቪንሰንት ቡድኗን ይዛ ስትወጣ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። መጀመሪያ ያለቁት ሰዎች ብዙዎቹ መሣሪያ ስላልነበራቸው ብቻ አይደለም የሞቱት። መረጃ ስላልነበራቸው ጭምር ነው። የሀገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ቅጠሉ ነበረ፣ ጭሱን ያዩት ሰዎች ግን አፋቸውን ዘጉ።

ሦስተኛው በር፦ ፍቅር

ይሄኛው ልብ ይሰብራል። ኮሊን ባሮው የተባለ ማዕድን ቆፋሪ ሚስቱ ዓይኑ እያየ ሞተች። ጭራቆቹ ሲመጡ ጥሏት መሄድ አልቻለም። አስከሬኗን በትንሽ መንኮራኩር ጭኖ ወደ ኢሺሙራ በረረ። አብሮት ግን ሬሳን የሚቀይረው ፍጡር ተሳፍሯል።

እስቲ አስቡት፣ እናንተ ብትሆኑስ? የምትወዱትን ሰው ሬሳ ሜዳ ላይ ጥላችሁ ትሄዱ ነበር? ሰውየው ክፉ አልሠራም። ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ችግሩ ምን እንደሆነ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ባልተከፈተ ነበር።

አራተኛው በር፦ ሥልጣን

ካፒቴኑ ቀስ በቀስ አእምሮው ተቃወሰ፣ ሥልጣኑን ግን አልለቀቀም። ዶክተር ካይን በመርፌ ሊያደነዝዘው ሲታገል መርፌው ዓይኑ ላይ ተሰካና ካፒቴኑ ሞተ። በዚያ ቀውጢ ሰዓት መርከቧ ያለ አዛዥ ቀረች። ካፒቴኑ ቀድሞ ወንበሩን ለሌላ ቢያስረክብ ኖሮ እዚህ ባልተደረሰ።

የመጨረሻው በር

አሊሳ ጓዶቿን አንድ በአንድ አጣች። ለመትረፍ እንደማትችል ሲገባት ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ቀራት፣ ያየችውን መናገር። መርከቧም ማርከሩም መጥፋት እንዳለባቸው የሚያስረዳ መልእክት ቀረጸች። መልእክቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ደግሞ ወደ ባዶው ጠፈር የሚያስወጣውን በር ከፈተች። አየሩ እሷንም አብሮ ጠርጎ ወሰዳት።

ልብ በሉ፣ ሌሎቹ በሮች የተከፈቱት ነገር እየተደበቀ ነው። ይሄኛውን በር ግን እሷ እያወቀች፣ እውነቱ እንዲወጣ ብላ ከፈተችው። ለእኛ የፊልሙ ልብ እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ «ኬሊየን» የምትባል ትንሽ መርከብ ትመጣለች። ውስጧ ኢንጂነሩ አይዛክ ክላርክ አለ (ስሙ ከሁለቱ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲዎች፣ ከአይዛክ አሲሞቭና ከአርተር ሲ. ክላርክ የተወሰደ ነው)። እነ አይዛክ የመገናኛ መሣሪያ ተበላሽቶ መስሏቸው ሊጠግኑ ነው የመጡት። ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም። ጌሙ እዚህ ይጀምራል። አሊሳ ሕይወቷን የከፈለችበት ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ሌላ ሰው ወደዚያው ጉድጓድ ይገባል። ከባድ ነው።

ድክመት የለውም ወይ?

አለው እንጂ! እውነቱን እንነጋገር። የሰዎቹ ሥዕል አንዳንዴ ደረቅ ነው፣ እንቅስቃሴውም ይቆራረጣል። 74 ደቂቃ ስለሆነ ብዙዎቹን ገጸ ባሕሪያት ሳንተዋወቃቸው ይሞታሉ። ደሙም ከልክ ያልፋል። ጌሙ ላይ የሚያስፈራችሁ ጨለማው፣ ድምፁና ብቸኝነቱ ነው። ፊልሙ ግን ሁሉንም ነገር ፊት ለፊት ስለሚያሳይ ያ ጭንቀት ይቀንሳል።

በምን ቅደም ተከተል ይታይ?

ጌሙን ካልተጫወታችሁ ፊልሙን መጀመሪያ ማየት ትችላላችሁ፣ ታሪኩ ይገባችኋል። የእኛ ምክር ግን ጌሙን ቀድማችሁ ተጫወቱ ነው። ጌሙ ላይ ባዶ ኮሪደርና ግድግዳ ላይ የደረቀ ደም ታያላችሁ፣ ፊልሙ ደግሞ ደሙ የማን እንደነበር ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. ጥር 2023 የወጣው አዲሱ የጌሙ ቅጂም ይሆናል። ከወደዳችሁት ደግሞ ከሁለተኛው ጌም ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ዴድ ስፔስ፦ አፍተርማዝ» የሚባል ሌላ አኒሜሽን አለ።

አንድ አደራ፦ አኒሜሽን ስለሆነ «ካርቱን ነው» ብላችሁ ታናናሾቻችሁ አጠገብ እንዳትከፍቱት። ለአዋቂ የተሠራ ነው። ሕፃን ልጅ ስልካችሁን የሚነካ ከሆነም ዳውንሎድ አድርጋችሁ እንዲሁ አትተዉት።

ቤተሰብ፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን በር ትዘጉ ነበር? እኛ ቢሮ ውስጥ ተከራክረን አልተስማማንም። ብዙዎቻችን ግን ሁለተኛውን አልን፦ ዝምታውን።