ገበያው በማን እጅ ነበር?

የዛሬው ቃላችን «ገበያ» ነው። ቃሉን ጻፉት።

ድሮ በአውሮፓ ገበያውን የሚያዘው መንግሥት ነበር። የአገር ሀብት ወርቅና ብር ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ለውጭ መሸጥ ይወደዳል፤ ከውጭ መግዛት ይጠላል። ይህ መርካንቲሊዝም ይባላል።

በ1776 እ.ኤ.አ. አዳም ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ይህን ተቃወመ። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው ብሎ አስተማረ።

ይሁን እንጂ በ1815 የእንግሊዝ ፓርላማ የአገሩ ስንዴ በጣም ካልተወደደ በቀር የውጭ ስንዴ እንዳይሸጥ ከለከለ። ማን ተጠቀመ? ባለመሬቱ። ማን ተጎዳ? ዳቦ ገዝቶ የሚበላው ሠራተኛ።

የፋብሪካ ባለቤቶችም ሕጉን ታገሉ። ዳቦ ከተወደደ ሠራተኛው ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላልና! በ1846 ሕጉ ተሻረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ገበያው ከመንግሥት እጅ እየወጣ ሄደ። ሠራተኛው እጅ ግን አልገባም፤ ባለካፒታሉ እጅ ገባ። ይህ ካፒታሊዝም ይባላል።

አሁን «ገበያ» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ ፈልጋችሁ አንብቡ።