ደማቸው ይጮኻል፤ ሰይፉስ የማን ነው?

 ለዚህ ትምህርት ምክንያት የሆነን አንድ አድማጫችን የላኩልን ጥያቄ ነው። ወንድማችን እንዲህ ይላሉ፦ «በሊቢያ ወንድሞቻችን ሲታረዱ መንግሥት ጦር ይላክ ብዬ ተናግሬ ነበር። የጸሎት ጓደኞቼ አማኝ በቀል አይመኝም ብለው ገሠጹኝ። ታዲያ ይቅርታ ማለት ዝም ማለት ነው?» ጥያቄው ከባድ ነው። አንድ ጥቅስ ጠቅሰን ዘግተነው የምናልፈው አይደለም። በሬዲዮ የተላለፈውን በጽሑፍ ስናወጣው ጥቂት ጨምረንበታል።

ነገሩን እናስታውስ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ። አይሲስ የምንለው ቡድን ሠላሳ ያህል ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። ገሚሶቹ በባሕር ዳርቻ አንገታቸውን ተቀሉ፣ ገሚሶቹ በበረሃ በጥይት ተገደሉ። ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን ናቸው። ከመካከላቸው የአዲስ አበባ የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩባቸው፤ ሥራ ፍለጋ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ቤተሰብ ለመርዳት የወጡ። ፓርላማው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሚያዝያ 14 ቀን መስቀል አደባባይ በለቅሶና በቁጣ ተሞላ፣ ከፖሊስ ጋርም ግጭት ተነሣ። ቤተ እምነታቸው ከእኛ ይለያል ብሎ ሐዘኑን ለሌላ የሚተው ካለ፣ ይህን ትራክት ከዚሁ ቢያጥፈው ይሻላል።

በዚያ ሰሞን በየቤቱ የነበረው ክርክር ሁለት ነበር። አንዱ «ይዝመትባቸው!» ይላል። ሌላው «እኛ የሰላም ልጆች ነን፣ እንጸልይላቸው» ይላል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥም እኮ ይኸው ነው ያለው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወገኖቻችን ከሜኖናይት አባቶች የተቀበሉት ትምህርት፣ የክርስቶስ ተከታይ ጠላቱን በሰይፍ አይገጥምም የሚል ነው። መካነ ኢየሱስ ደግሞ ከሉተራውያን ወገን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የእምነት መግለጫ ክርስቲያን ዳኛ ቢሆን፣ በፍትሐዊ ጦርነትም ቢዘምት ኃጢአት አይደለም ይላል። ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ከፍቶ ነው የሚናገረው። በዚህ ጽሑፍ አንዱን አሸናፊ አናደርግም፤ ቢሞከርም አይሆንልንም። ግን ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፣ እርሱን እናጥብቀው።

ዘፍጥረት 34ን ታስታውሳላችሁ? በሰንበት ትምህርት ብዙ ጊዜ የምንዘለው ምዕራፍ ነው። የያዕቆብ ልጅ ዲና የአገሩን ሴቶች ልታይ ወጣች። የአገሩ ገዢ ልጅ ሴኬም ያዛት፣ አስነወራት። ወንድሞቿ ሰሙ፣ አዘኑ፣ እጅግም ተቆጡ። ልብ በሉ፣ መጽሐፉ ስለ ቁጣቸው አይወቅሳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በእህቱ ላይ ሲደረግ የማይቆጣ ወንድም ምን ዓይነት ወንድም ነው? በደሉ እውነተኛ ነበር፤ ቁጣውም እውነተኛ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነው ጥፋቱ። የከተማውን ሰዎች «ተገረዙ፣ አንድ ሕዝብ እንሆናለን» ብለው አታለሏቸው። የእግዚአብሔርን የቃል ኪዳን ምልክት የጦር ዘዴ አደረጉት ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ ሕመም ላይ ሳሉ ስምዖንና ሌዊ ሰይፍ ይዘው ገቡ፤ ወንዱን ሁሉ ገደሉ። የቀሩት ወንድሞች ተከትለው ዘረፉ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ማረኩ። በደሉን የፈጸመው አንድ ሰው ነበር። ዲናን ዓይኑ ያላየ ምስኪን፣ ከብቱን የሚጠብቅ ሁሉ የዚያ ከተማ ሰው በመሆኑ ብቻ ታረደ።

ያዕቆብ ሲወቅሳቸው ልጆቹ መልሰው ጠየቁት፤ እህታችን እንደ ጋለሞታ ትደረግ ወይ ዓይነት ጥያቄ ነው። ምዕራፉ እዚያው ላይ ያበቃል፣ መልስ የለውም። እኔ ይህን ዝምታ እወደዋለሁ። የተበደለ ሰው ጥያቄ በቶሎ መልስ እንደማያገኝ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ያውቃል። መልሱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያዕቆብ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ነው። በምዕራፍ 49 የሁለቱን ልጆቹን ቁጣ ረገመ። የዲናን በደል አልካደም፤ ሰይፋቸውን ግን የግፍ መሣሪያ ብሎ ጠራው።

አሁን ወደ ሮሜ መልእክት እንምጣ። ሰላም የሚለው ወገን ምዕራፍ 12ን ይዞ ይመጣል፦ ራሳችሁ አትበቀሉ፣ ጠላትህ ቢራብ አብላው። ጦር ይላክ የሚለው ደግሞ ምዕራፍ 13ን፦ ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ አይደለም። ሁለቱ ጥቅሶች የሚጋጩ ይመስላል፣ አይደል? ጳውሎስ ግን ደብዳቤውን ሲጽፍ ምዕራፍ አልከፈለም፤ ቁጥሩ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱን አያይዛችሁ ያለ ማቋረጥ አንብቧቸው። በአማርኛችንም ቁጣና በቀል የሚሉት ቃላት በሁለቱም ቦታ ይገኛሉ። በ12፥19 ከአማኙ እጅ የተወሰደው በቀል፣ በ13፥4 በእግዚአብሔር አገልጋይነት ለተሾመው ባለ ሥልጣን ተሰጥቷል። ለእርሱም ቢሆን በወሰን ነው፦ ክፉ ባደረገው ላይ። በዘመዱ፣ በጎረቤቱ፣ ስሙ በሚመስለው ላይ አይልም።

እንግዲህ ለወንድማችን የምንሰጠው መልስ ከዚህ ይጀምራል። ገዳዮቹ ይያዙ፣ ይፈረድባቸው ማለት ኃጢአት አይደለም። አቤል ሲሞት ደሙ ከምድር ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ እግዚአብሔርም ዝም በል አላለውም። ይቅርታ ፍትሕን አይሰርዝም። ነገር ግን ጩኸታችን ውስጥ የስምዖንና የሌዊ ድምፅ መኖር አለመኖሩን መርምሩ። ፍትሕ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በቀል «የማን ወገን ነው?» ይላል።

የጎረቤት አገር ጉዳይ እንይ። ከእኛዎቹ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. ይኸው ቡድን በዚያው በሊቢያ የ21 ሰዎች አንገት ሲቀላ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ፤ 20ዎቹ የግብፅ ኮፕቶች፣ አንዱ ጋናዊ ነበሩ። ግብፅ አንድ ሌሊት እንኳ አላሳለፈችም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የጦር አውሮፕላኖቿ ደርና የተባለችውን ከተማ ደበደቡ። የሟቾቹ አስከሬን ኋላ የተገኘው ግን በሲርት አካባቢ ነው፤ ከደርና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ። ድብደባው የሕዝብን ቁጣ አስታግሶ ሊሆን ይችላል። የእኛን ልጆች ግን አላተረፈም፤ የእነርሱ ቪዲዮ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስል ሰይፍ ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ እውነቱን እንነጋገር። ቡድኑ በሲርት የነበረውን ይዞታ ያጣው በጸሎት ስብሰባ ብቻ አይደለም። ሊቢያውያን ተዋጊዎች ወራት የፈጀ ውጊያ አድርገው፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖችም አግዘዋቸው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 አስወጡት። በዚያ ውጊያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሊቢያውያን ሞተዋል። እነማን ነበሩ? ሙስሊሞች። የወንድሞቻችንን ገዳዮች ከዚያች ከተማ ለማስወጣት ደማቸውን ያፈሰሱት ሙስሊሞች ናቸው። በሰፈራችን ያለውን ባለ ሱቅ በጎሪጥ ማየት ሲቃጣን ይህን እናስብ። በዚያው ሐዘን ሰሞን የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ግድያውን አውግዟል።

ወሰን የሌለው ሰይፍ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ደግሞ ወደ አሜሪካ እንሂድ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእኛ የአዲስ ዓመት ቀን፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን በደረሰው ጥቃት ሦስት ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በሦስተኛው ቀን ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ ኃይል የመጠቀም ሥልጣን የሚሰጥ ውሳኔ አቀረበ። ተወካዮቹ 420 ለ1 አጸደቁት። ያቺ አንዷ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ናት። ገዳዮቹ ይለቀቁ አላለችም። ቆም ብለን እናስብ፣ ይህ ነገር ከእጃችን እንዳይወጣ ነው ያለችው። በዚያው ዕለት በካቴድራል ጸሎት ላይ የሰማችውን የአንድ አገልጋይ ማስጠንቀቂያም አነሣች፤ የምናወግዘውን ክፋት ራሳችን እንዳንሆን የሚል ነበር። እንገድልሻለን የሚል ዛቻ መጣባት።

ያ ውሳኔ አጭር ነው፤ የቦታም የጊዜም ገደብ አልነበረውም። የአፍጋኒስታን ጦርነት ሃያ ዓመት ፈጀ፤ የመጨረሻዎቹ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ሲወጡ ታሊባን ተመልሶ ካቡል ላይ ተቀምጦ ነበር። ግን ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በሲርት የዘነበው የአሜሪካ ቦምብ ሕጋዊ መሠረት ተብሎ የተጠቀሰውም ይኸው ውሳኔ ነው። ስለዚህ «ጦርነት ሁልጊዜ ከንቱ ነው» ብሎ ለሚደመድም ወንድም ሲርት ጥያቄ ትሆንበታለች፤ «ምቱና ይለይለት» ለሚለውም ካቡል ጥያቄ ትሆንበታለች።

ስለ ፍትሐዊ ጦርነት ሲነሣ ሁሉም አውግስጢኖስን ይጠቅሳል። አንድ ደብዳቤው ግን ብዙም አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ412 ገደማ በሰሜን አፍሪካ፣ ከዛሬዋ ሊቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተገነጠለ ቡድን ሰዎች አንድ ቄስ ገደሉ፤ የሌላውን ቄስ ዓይን አወጡ፣ ጣቱን ቆረጡ። ተይዘው አመኑ። አውግስጢኖስ ለዳኛው ለማርኬሊኖስ ጻፈ። ልቀቃቸው አላለውም፤ እንደ ሠሩት እንዳይደረግባቸው፣ እንዳይገደሉና አካላቸው እንዳይጎድል፣ ክፋት መሥራት ወደማይችሉበትና ጠቃሚ ሥራ ወደሚሠሩበት እንዲወሰዱ ለመነ። የተገደለው የራሱ አገልጋይ ነው እንግዲህ! ጦርነትን ፈጽሞ የማይከለክለው መምህር ይህን ጻፈ።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የሊቢያ ባለ ሥልጣናት በሲርት አቅራቢያ የ34 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር አገኙ። ቦታውን ያወቁት በቁጥጥር ሥር የዋሉ የቡድኑ አባላት ሲመረመሩ በሰጡት ቃል ነው። የሞተ ገዳይ መቃብር አያሳይም።

ለእኛ ለተራ ምእመናን የቀረውስ? ጦር የማዘዝ ሥልጣን የለንም። ስልክ ግን በእጃችን ነው። ያን ቪዲዮ አትቀባበሉት። የተቀረጸው እኛ አይተን እንድንፈራና ከጎረቤታችን ጋር እንድንባላ ነው። ወታደር የሆናችሁ ወገኖችም፣ መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ ነው ያላቸው።

ከ21ዱ ሁለት ወንድሞቹን ያጣ አንድ ግብፃዊ በክርስቲያን ቴሌቪዥን ቀርቦ ለገዳዮቹ ጸልዮአል። እናቱም ገዳዩን ብታገኘው ወደ ቤቷ እንደምታስገባውና ዓይኑን እንዲያበራለት እግዚአብሔርን እንደምትለምን ተናግሯል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ግን እባካችሁ፣ ይህን ምስክርነት ይዛችሁ ልጇን ወደ ቀበረች እናት ድንኳን ገብታችሁ «አንቺስ ይቅር ብለሻል?» አትበሏት። ያቺ ግብፃዊት ማንም ሳያስገድዳት ነው ያለችው። በእድሩ ድንኳን ውስጥ ቁጭ በሉ፣ ንፍሮውን ቅመሱ፣ አልቅሱ። አርባው ካለፈና ሰው ከተበተነ በኋላም ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ያኔ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። የልጇን ፎቶ አውጥታ ስታሳያችሁ ጊዜ ወስዳችሁ እዩላት።