ያውቁ ኖሯል? በድንጋይ ልብ ታትማ የኖረች ውኃ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ የሚረግጠው ምድር፣ ዋናው ክፍሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከዐባይ ማዶ በወለጋ፣ ከዐባይ ወዲህም በመተከል በኩል ግን ወርቅ የሚገኝበት እጅግ ጥንታዊው ዐለት ገሃድ ወጥቶ ይታያል።

ይህ ወርቅ በከርሠ ምድር በሚዘዋወር ትኩስ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የመጣ ነው፤ ፈሳሹም በዐለቱ ስንጥቅ ነጭ ኳርትዝ እያስቀመጠ ሲያልፍ፣ ከራሱ፣ ከጠጉር ውፍረት ያነሱ ጠብታዎችን በማዕድኑ አካል ውስጥ አትሞ ይተዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ እ.ኤ.አ. በ1858 እንዲህ ያሉትን ጠብታዎች በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ በውስጣቸው ያለችው አረፋ የጥንቱ ሙቀት ምስክር መሆኗን አስረዳ።

መርማሪው ኳርትዙን አሳስቶና አለስልሶ ቀስ በቀስ ሲያሞቀው፣ አረፋዪቱ እየጠበበች፣ እየተንቀጠቀጠች ሄዳ ድንገት ትሰወራለች፤ ያም ጠብታዪቱ የታተመችበትን ዝቅተኛውን ሙቀት ይነግረዋል። አቀዝቅዞ መልሶ ሲያሞቃት ደግሞ የመጨረሻዋ የበረዶ ቅንጣት የምትቀልጥበት ልክ ጨዋማነቷን ይገልጻል፤ ከመቶው 10 እጅ ጨው ካለባት፣ ይህ የሚሆነው ከዜሮ በታች በ6.6 ዲግሪ ግድም ነውና። ከዜሮ በታች በ56.6 የሚቀልጥ ነገር ከታየም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለት ያው በቡሬ አጠገብ የሚፈልቀውን የማዕድን ውኃ የሚያፍለቀልቀው ጋዝ፣ መኖሩ ይታወቃል።

ፈሳሹ ከዝናብ፣ ከባሕር፣ ከቅልጥ ዐለት ወይም በጥልቀት ተጨምቆ ከተለወጠ ዐለት መምጣቱን ለመፍረድ ግን ጨውና ሙቀት ብቻቸውን አይበቁም፤ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን አይሶቶፖች ምስክርነት ይጨመርበታል።