በጋራ ተራራ ስንወጣ ጉዞው በማን አቅም ይለካ?



በዒድ ሰሞን፣ ትምህርት ሲዘጋ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ ጓደኛሞችና ቤተሰቦች ተሰባስበው ጮቄ ተራራን ለማየት ያስባሉ። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን በአንድ መኪና የሚሳፈሩ ሰዎች አቅማቸው አንድ አይደለም። ኳስ የሚጫወት ወጣት አለ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ አለ፤ ትናንት ከጂዳ የገባ እንግዳ አለ። ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ብርቱው ሲሆን ሌላው ላለማሳፈር ሲል ዝም ብሎ ይከተላል። የዚህ ወር ምክራችን አንድ ነው፦ ጉዞው ከሁሉም ቀድሞ በሚደክመው ሰው አቅም ይለካ።

ከፍታ በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጮቄ ጫፍ ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ጂዳን በመሰለ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚገኘውን 100 ብንለው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 75፣ ጮቄ አናት ላይ 60 ገደማ ይሆናል። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። በመሆኑም ከተማ ውስጥ በሸሚዝ የሚያስኬድ ቀን ተራራው ላይ ካፖርትና ጋቢ ያስፈልገዋል።

ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ሳይለምድ የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሊይዘው ይችላል። ይህ የከፍታ ሕመም የሚባለው ነው። በአብዛኛው የሚጀምረው ከፍታው ላይ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልብ በሉ! ጉልበት ከዚህ ሕመም አያድንም። ከቆላ የመጣ ስፖርተኛ ሲታመም ደጋ የኖሩ አዛውንት ደህና ሊውሉ ይችላሉ። ስለዚህ «ማን ብርቱ ነው?» ከማለት በፊት «ማን ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጂዳ፣ ከዱባይ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ደብረ ማርቆስ ይደር። ከዚያም ጠዋት ወጥቶ ማታ ለአዳር ወደ ከተማ ይመለስ።

ከመነሣታችሁ በፊት

በመጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ቀጥሎ ወቅቱን ምረጡ። ክረምቱ ዝናብ፣ በረዶና ጉም የበዛበት ነው። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው።

ሦስት ሆነው መንገድ የሚወጡ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) መክረዋል። የእናንተም አሚር ከሁሉ የሚፈጥነው ሳይሆን ኋላውን የሚያይ ሰው ይሁን። አሚሩ እያንዳንዱን ለብቻው «የምትወስደው መድኃኒት አለ? አስም፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል ሕመም አለብህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሴቶችን የምትጠይቅ አንዲት እህት ትመደብ፤ እርግዝናን ለወንድ መናገር የምታፍር አትጠፋምና። የሰማችሁትን ሚስጥር ጠብቁ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛና ሕመሙ ያልተረጋጋ ማንኛውም ሰው ሐኪም ሳያማክር ወደ ከፍታው አይውጣ።

መድኃኒት ለሚወስዱ

የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ሲራመድ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ይድገም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሕክምና አድርሱት። ኢንሱሊን በውርጭ ከበረደ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም፤ ስለዚህ በልብስ ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ ይያዝ።

አስም ያለበት የሚነፋውን መድኃኒት ሻንጣው ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ያኑር፤ ቀዝቃዛ አየር ሕመሙን ይቀሰቅሳልና። የደም ግፊት መድኃኒት በጉዞ ቀን አይቋረጥም። ሽንት የሚያበዛ ዓይነት የሚወስዱ ግን የውኃ ጥማታቸውን ችላ አይበሉ።

የከፍታን ሕመም ለመከላከል አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ሐኪም ሲያዝ ብቻ የሚወሰድ ነው። ሰልፋ የማይስማማው ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብላችሁ ግን የእንቅልፍ ክኒን አትዋጡ፤ ከፍታ ላይ ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማል።

በዕለቱ

ሁሉንም ወደ ጫፍ ማውጣት ግዴታ አይደለም። በሦስት ተከፈሉ፦ ጫፍ የሚወጡ፣ ሜዳው ላይ ቀስ ብለው የሚንሸራሸሩ፣ መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ጅብራውንና ገደሉን የሚያዩ። ለእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ፣ ውኃና ስንቅ ይመደብለት። ስልክ ላይሠራ ስለሚችል የመገናኛ ቦታና ሰዓት ቀድማችሁ ተስማሙ። የዙህር ሶላት ጥሩ መገናኛ ነው፤ አብሮ ተሰግዶ፣ አብሮ ተበልቶ፣ ሁሉም መኖሩ ይቆጠራል። ጫፍ የሚወጡትም ደረሱም አልደረሱም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይመለሱ።

አረማመዱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው እየሄዱ ማውራት ሲቻል ነው። ማውራት ያቃተው ሰው ካለ ሁላችሁም ቁሙ። ደካማው ሲደርስ ወዲያው አትነሡ፤ እሱም ይረፍ። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ተምርና ትኩስ ሻይ ይበቃል። ደጋ ላይ ቢበርድም ፀሐይዋ ስለምታቃጥል ባርኔጣ አይረሳ። የረጠበ ካልሲና ልብስ ወዲያው ይቀየር።

እዚያው የምታድሩ ከሆነ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት፣ መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ከሰሉ ቢፍምና ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሙቀት የሚፈለገው ከብርድ ልብስና ከጋቢ ነው።

መመለስ መቼ ነው?

ቀላል ራስ ምታት የያዘው ሰው ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ፤ እስኪሻለው ከፍ አይበል። ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ግን መድኃኒቱ መውረድ ነው። እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ የሚቀባጥር፣ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም አረፋ የቀላቀለ ሳል ያለው ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወርዶ ሆስፒታል ይድረስ። በብርድ ተንቀጥቅጦ አንደበቱ የተሳሰረም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም፤ ደረቅ ልብስ አልብሳችሁ፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ ውሰዱት። የታመመን ሰው ብቻውን አትላኩ፤ አንድ ጤነኛ አብሮት ይውረድ። «አንተ ውረድ፣ እኛ እንቀጥላለን» የሚባል ነገር የለም።

ጮቄ ነገም ከቦታው አይነቃነቅም። ጫፉን ሳያዩ በሰላም የተመለሱ ሰዎች ሌላ ቀን ይወጣሉ። በቀጣዩ ጉዟችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የት ድረስ እንሂድ?» ሳይሆን «ከመካከላችን ማን ይደክማል?» ይሁን።

አላህ መውጣታችሁንም መግባታችሁንም ሰላም ያድርግላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም!