ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሠራ ሞተር

ጅቡቲ ከተማ የባሕር በር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የንግድ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በወደቧ በኩል ነው። ከመርከብ የሚራገፉት መኪኖች በሩቅ አገር ተሠርተው ያለቁ ስለሆኑ፣ መኪና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚሻሻል የማይመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ በመኪና ፋብሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ አንዳንድ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሞተሩን ኃይል የሚጨምሩ ክፍሎችን እየሠሩ ይሸጣሉ። ከእነዚህም መካከል ስመ ጥር የሆኑት ኪት ዳክወርዝና ማይክ ኮስቲን የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው።

የዚህ ሥራ መነሻ የሞተሩ ጠባይ ነው። ፋብሪካ ሞተር የሚሠራው ለሁሉም ዓይነት ገዥ ስለሆነ፣ በዝግታ ሲሄድ የማይንገራገጭ፣ ነዳጅ የሚቆጥብና ዋጋው የማይከብድ እንዲሆን ይጥራል። ለእሽቅድምድም የሚፈለገው ግን ኃይል ነው። ኃይሉ የሚወሰነው ወደ ሲሊንደሩ በሚገባው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መጠን ሲሆን፣ ድብልቁን የሚያስገቡትን ቫልቮች የሚከፍተው ደግሞ ካምሻፍት የተባለው ዘንግ ነው። የዘንጉ ጉብታዎች ቅርፅ ተለውጦ ቫልቮቹ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ሲሆኑ፣ ሞተሩ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ብዙ ድብልቅ ይስባል፤ ኃይሉም ይጨምራል። በአንጻሩ በዝግታ ሲዞር ይንገራገጫል፤ ነዳጅም ያባክናል። ስለዚህ ፋብሪካው ለብዙኃኑ የማይሠራውን ክፍል ጥቂቶች ፈልገው ይገዙታል።

ዳክወርዝና ኮስቲን ሎተስ በተባለው የለንደን የመኪና ድርጅት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ከሁለቱም ስም ቆርሰው በማጣመር ኮስዎርዝ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ዳክወርዝ ሎተስን ለቀቀ። ኮስቲን ግን የሥራ ውል ስለነበረበት እስከ 1962 በሎተስ ቆየ፤ አዲሱን ድርጅት ያገለገለውም ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ ፎርድ ለአነስተኛዋ አንግሊያ መኪና የሠራውን ሞተር ለእሽቅድምድም እያሻሻሉ ሸጡ። ከገዥዎቻቸውም አንዱ የቀድሞ አሠሪያቸው ሎተስ ራሱ ነበር። ከዚያም ፎርድ ወጪውን ችሎ ያሠራቸው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1967 በሆላንድ አገር በተደረገው የመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈ። እስከ 1983 ድረስም በፎርሙላ አንድ 155 ድሎችን አስገኘ።

እንዲህ ያለው ሥራ ግን ወሰን አለው። ሠራተኛው በእጁና በአእምሮው ያካበተው ሙያ የራሱ ሀብት ነው፤ ከፋብሪካው በር ሲወጣም አብሮት ይወጣል። የአሠሪው መሣሪያ፣ ብረት፣ ንድፍና የሥራ ሰዓት ግን የአሠሪው ናቸው። ሁለቱን ሳይለይ የሚሠራ ሰው ሙያውን ወደ ስርቆት ይለውጠዋል። ለይቶ የሚሠራ ግን ለራሱም ለአሠሪውም ይጠቅማል። ይህ ጥያቄ ታላላቅ ፋብሪካዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በጅቡቲም ሆነ በአዲስ አበባ በጋራዥ ተቀጥሮ የሚሠራ መካኒክ ሁሉ፣ ማታ ለራሱ ደንበኛ መፍቻ ባነሣ ቁጥር፣ መፍቻው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።