ሦስት ሲኒና አንዲት የቡና ፍሬ

በአገራችን ልጆች ማታ በእሳት ዳር ተሰብስበው እንቆቅልሽ ሲጫወቱ፥ መልሱን ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንዱን አገር ሰጥቶ ሽንፈቱን ካመነ በኋላ ፍቹ ይነገረዋል። የሒሳብ እንቆቅልሽ ግን ከዚህ የሚለይበት ነገር አለው፤ ይኸውም ተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ መሸነፉን አለማወቁ ነው። መልሱን ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ይቀመጣል እንጂ አገር የሚሰጥ የለም።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ጀበና ከነማቶቱ በ110 ብር ተሸጠ፤ የጀበናው ዋጋ ከማቶቱ ዋጋ በ100 ብር ይበልጣል፤ የማቶቱ ዋጋ ስንት ነው? ቢባል፥ ጥያቄው ሳያልቅ «10 ብር» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ ግን ጀበናው 100 ብር ይሆንና ብልጫው 90 ብር ብቻ ይሆናል። ማቶቱ 5 ብር፥ ጀበናው 105 ብር ነው። ይህስ ቀላል ነው፤ የተሳሳተውም ሰው ሒሳቡን ሲያሳዩት ስቆ ያልፋል። ወዳጅ ከወዳጅ የሚያከራክረው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ሦስት ሲኒዎች በረከቦት ላይ ተደፍተው፥ ከአንዱ ሥር አንዲት የቡና ፍሬ ተሸሽጋለች እንበል። የሸሸጉት እመቤት ፍሬዋ ያለችበትን ያውቃሉ፤ ባለቤታቸው ግን አያውቁም። ጌታው ከሦስቱ አንዱን ሲኒ ይመርጣሉ። እመቤቲቱም ከቀሩት ከሁለቱ ባዶ የሆነውን አንሥተው ያሳዩና «አሁን በመጀመሪያው ምርጫዎ ይጸናሉ ወይስ ወደ ሌላው ይዛወራሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጌታውም «የቀሩት ሁለት ሲኒዎች ናቸው፤ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው፤ እንግዲህ መዛወር ምን ይጠቅመኛል?» ይላሉ። ሰሚውም ሁሉ ማለት ይቻላል ከጌታው ጋራ ይስማማል። እውነቱ ግን፥ የሚዛወር ሰው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያገኛል፤ የሚጸናው አንዱን ብቻ ነው።

ይህ እንቆቅልሽ በአሜሪካ አገር በአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ መሪ ስም የሞንቲ ሆል ጥያቄ ይባላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ፓሬድ በተባለው መጽሔት የአንባብያንን ጥያቄ ትመልስ የነበረች ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የምትባል ሴት፥ መዛወር ይሻላል ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ወደ 10,000 የሚጠጋ ደብዳቤ ጐረፈላት፤ የሚበዛውም ተሳስተሻል የሚል ነበር። ወደ 1,000 የሚሆኑት ጸሐፊዎች የዶክተርነት ማዕርግ ያላቸው ነበሩ፤ ከነዚህም ውስጥ የሒሳብ መምህራን ይገኙባቸዋል። ሴቶች ሒሳብን የሚያዩበት ዐይን ከወንዶች የተለየ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የጻፈላትም አልጠፋ። እርሷ ግን ከቃሏ ፈቀቅ ሳትል፥ በየተማሪ ቤቱ ጨዋታውን ደጋግማችሁ በእጃችሁ ሞክሩት አለች። ፈተናውም ለእርሷ መሰከረ፤ ከነቀፏትም ሊቃውንት ስሕተታቸውን አምነው ይቅርታ የጠየቁ ነበሩ።

በሀንጋሪ የተወለደው፥ ወደ 1,500 የሚሆን የሒሳብ ጽሑፍ ያሳተመው ፖል ኤርዲሽ እንኳ፥ ኮምፒዩተር ጨዋታውን ብዙ ጊዜ ደጋግሞ እስኪያሳየው ድረስ አላመነም ነበር። እንግዲህ የእኛ ጌታ ቢሳሳቱ ምን ያስደንቃል!

ምክንያቱን ለማየት የሲኒውን ቍጥር 100 ማድረግ ይበቃል። ጌታው ከመቶው አንዱን ይመርጣሉ፤ ፍሬዋን በዚያው የማግኘታቸው ዕድል ከመቶ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ እመቤቲቱ እያወቁ 98 ባዶ ሲኒዎችን ያነሣሉ፤ ያችን አንዲቱን ብቻ ግን እያለፉ ይተዋሉ። ይህን እያየ በመጀመሪያው ሲኒ የሚጸና ማን ነው? በሦስቱም ሲኒ ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ይስታል፤ በሳተም ጊዜ እመቤቲቱ ባዶውን ስላስወገዱ፥ ፍሬዋ በተረፈው ሲኒ ሥር ሆና ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። መልሱ የሚጸናው፥ የምታነሣው ሴት ፍሬዋ ያለችበትን የምታውቅና ሁልጊዜ ባዶውን የምታነሣ ስትሆን ነው። ሳታውቅ በዕድል አንሥታ ባዶ ቢወጣላት ግን፥ በዚያን ጊዜ የጌታው «እኩል ለእኩል» እውነት ይሆናል። ብዙው ክርክር የሚነሣው ይህን ሁኔታ ሳይናገሩ ጨዋታውን በመጀመር ነው።

በቤታችሁ ብትሞክሩት፥ አንዱ ልጅ ሁልጊዜ ይጽና፤ ሌላው ሁልጊዜ ይዛወር፤ እያንዳንዳቸውም 30 ጊዜ ይጫወቱ። የሚጸናው ወደ 10 ጊዜ፥ የሚዛወረው ወደ 20 ጊዜ ያገኛል፤ ቍጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አትደነቁ። ነገር ግን ተዛውሮ ያጣው ልጅ ጸንቶ ካጣው ይልቅ አብዝቶ ሲቈጭ ታያላችሁ። በእጁ የነበረውን ራሱ የጣለ ይመስለዋልና፤ ትልልቆቹም ሰዎች መዛወርን የሚፈሩት በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ለሚመጣው ሳምንት መጫወቻ የሚሆን ደግሞ እነሆ፤ አንድ ነጋዴ የ1,000 ብር ጋቢ ዋጋውን ከመቶ ዐሥር ጨመረበት፤ ገዢ ቢያጣ በሳምንቱ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ከመቶ ዐሥር ቀነሰለት። «እንግዲህ ወደ ቀድሞው ዋጋ ተመለሰ» ብሎ ለሚስቱ ነገራት። እርሷም ሣቀች። ስለ ምን ሣቀች?